የድሮ አውራጃ የዛሬው ዞን ማለት ነው? (የጅማ የቆዩ ሰነዶች)

ሂርማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የቆዩ የግብር ደረሰኞች፣ የልደት ወረቀቶችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች እየተመዘገቡ ነው። አድራሻቸው «ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ጅማ አውራጃ» ይላል። ጠቅላይ ግዛትን በክልል፣ አውራጃን በዞን ተክቶ ማለፍ ያስኬዳል?

ጅሬን፦
አያስኬድም። ለዚህ ደግሞ ከጅማ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ በሥሩም ጅማ፣ ሊሙ፣ ከፋ፣ ጊሚራ፣ ማጂ እና ኩሎ ኮንታ የሚባሉ ስድስት አውራጃዎች ነበሩ። ጅማና ሊሙ ዛሬ በአብዛኛው ኦሮሚያ ውስጥ፣ ጅማ ዞን ናቸው። የቀሩት አራቱ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ክልል ሄዱ፤ ከህዳር 14 ቀን 2014 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ናቸው። «ከፋ» የሚለውን ብቻ አይቶ ባለጉዳዩን ወደ ዛሬው የከፋ ዞን መቀመጫ ወደ ቦንጋ የሚልክ ሰው፣ ቦታው ጅማ ዞን ያለው ሊሙ ኮሳ ወረዳ ከሆነ በከንቱ አደከመው።

አካሄዱ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የወረዳውንና የምክትል ወረዳውን ስም ያዙ፤ የወረዳ ስም ከሌላው ሁሉ የተሻለ ዕድሜ አለው። ቀጥሎ ወረዳው ተከፍሎ እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ ሸቤ ሳምቦ ድሮ ሰቃ ጨቆርሳ ውስጥ ነበር። ዞንና ክልል የሚጻፈው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው። የቀበሌ ቁጥርን ግን አትመኑ፤ ቀበሌ ሲዋሃድና ሲከፈል ቁጥሩ ይቀየራል። ቀበሌ የሚባል ነገር ራሱ የመጣው በ1967ቱ የመሬት አዋጆች ነው፤ በየካቲት የገጠሩ ገበሬ ማኅበር፣ በሐምሌ የከተማው ቀበሌ።

መዝገብ ቤት፦
በዚህ ላይ ዘመኑን ጨምሩበት፤ አጠራሩ ራሱ ቀኑን ይጠቁማል። «ጠቅላይ ግዛት» የንጉሡ ዘመን ነው። «ክፍለ ሀገር» ያለው ደርግ ነው። በ1980 አገሪቱ 24 የአስተዳደር አካባቢዎችና 5 ራስ ገዞች (ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋ፣ ኦጋዴን) ሆነች። በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ደግሞ 14 ክልሎች ተቋቋሙ፤ በቁጥርም ይጠሩ ነበር። ስለዚህ «ክልል 4» የሚል ማህተም ካያችሁ ኦሮሚያ ነው። ከ7 እስከ 11 ያሉት ተዋህደው ደቡብ ሆኑ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 9 ክልሎች ዘረዘረ፤ ዛሬ 12 ክልሎችና ሁለት የከተማ አስተዳደሮች አሉ።

እባካችሁ የሰነዱን አድራሻ እንዳለ ቅዱት፤ የዛሬውን በሌላ ዓምድ ጻፉት። አንዴ ከተደመሰሰ በኋላ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ አይታወቅም። ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ እሱም ይለይ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ሰነዱን ከነመንግሥቱ ወደ ሌላ ዘመን ይወስደዋል።

ሂርማታ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የከተማው ነዋሪስ «ጅማ ዞን» ተብሎ ይመዝገብ?

ጅሬን፦
አይመዝገብ። የዞኑ መቀመጫ ጅማ ከተማ ነው፤ ከተማው ግን በዞኑ ሥር አይደለም፤ የራሱ አስተዳደር አለው። «ኦሮሚያ ክልል፣ ጅማ ከተማ» ብላችሁ ወደ ቀበሌው ውረዱ። ይህ በብዙ ቅጽ ላይ ይሳሳታል፤ የከተማውን ሕዝብ ዞኑ ውስጥ የደመረ ሠንጠረዥም ሁለት ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው።

አብዱ የሕግ፦
ስለ ዞን አንድ ልጨምር። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ዞንንና ወረዳን አልዘረዘረም፤ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆነው ያገኟቸውን እርከኖች እንዲያዋቅሩ ይላል። ለዚህ ነው ዞን በየክልሉ አንድ ዓይነት ያልሆነው። በኦሮሚያ ዞን የክልሉ አስፈጻሚ ክንድ ነው፤ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው ወረዳው ነው። በአማራ ክልል ግን አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ልዩ ወረዳ የሚባለው ደግሞ ዞንን ሳያልፍ በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ ነው፤ በሠንጠረዣችሁ የዞን ዓምዱን ባዶ ተዉለት።

ጅማ ያሉ አዳዲስ ወረቀቶች በአፋን ኦሮሞ ስለሆኑ እነዚህንም መዝግቡ፦ ጎዲና ማለት ዞን፣ አና ማለት ወረዳ፣ ገንዳ ማለት ቀበሌ፣ ማጋላ ማለት ከተማ ነው። «ጎዲና» እና «ዞን»ን እንደ ሁለት ቦታ የመዘገበ ሠንጠረዥ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል።