ከካንሳስ የመጣው የአበባ ዘር አዳማ ላይ አልበቅል አለኝ

ጠያቂዋ (አዳማ)፦ እንደምን ዋላችሁ። አሜሪካ፣ ካንሳስ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ አምና ስትመጣ የኤኪናሺያ ዘር ይዛልኝ መጣች። መሐሉ እንደ ጃርት የቆመ፣ ሐምራዊ የአበባ ቅጠሎቹ ወደ ታች የሚያዘነብሉ የሜዳ አበባ ነው። «ድርቅ አይበግረውም» ስትለኝ ለእኛ ግቢ ነው የተፈጠረ አልሁ። ጥር ላይ ፍግ በጠገበ መደብ አርባ ያህል ፍሬ ዘርቼ በየቀኑ አጠጣሁ። አንድም አልወጣ። የቀረኝን እፍኝ የማትሞላ ዘር እንዴት ላትርፋት?

ጓሮ ወዳድ፦ እኅቴ፣ ዘሩ ክረምት እየጠበቀ ይሆናል፤ የእኛን ሳይሆን የካንሳስን። በአገሩ ፍሬው በመጸው ረግፎ፣ በረዶ ሥር ከርሞ፣ ሙቀት ሲመለስ ነው የሚነቃው። አዳማ ያን ብርድ ከየት ታምጣለት? ፍሪጅ ያክርመው። በእጅ ሲጨመቅ ውኃ የማያንጠባጥብ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ደባልቀሽ፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ 30 ቀን አቆዪው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ። ከዚያ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አፈር ብቻ አልብሰሽ ዝሪው።

የሐዋሳው አትክልተኛ፦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እኅትሽን ጠይቂያት። ቅጠሉ ቀጭንና ጸጉራም ከሆነ የደረቁ ሜዳ ተወላጅ ነው፤ አንድ ወፍራም ሥር ወደ ጥልቁ ይሰድዳል፣ ድርቁን የሚችለውም በዚያ ነው። ስለዚህ ረዘም ባለ ችግኝ ማፍያ ፕላስቲክ ውስጥ ችግኙን አፍልተሽ አንዴ ብቻ አዛውሪው። ሰፊ ቅጠል ያለው ሥሩ ብትን ስለሆነ ውኃ ሲጠፋ ቶሎ ይጠወልጋል። ፍጉን ተዪው! ሲበዛበት ቁመቱ ይመዘዝና ነፋስ ያጋድመዋል፤ የአዳማን ነፋስ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። መጋቢት ፍሪጅ፣ ሚያዝያ ችግኝ ማፍያ፣ ሐምሌ ግቢ። ውኃ የሚያቁር ቦታ ሥሩን ያበሰብሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ቢያወጣ አረም መስሎሽ እንዳትነቅዪው።

ስጋት ያለው፦ ቅንጨ አረምም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ማሳችንን ወርሶታል። አደይ አበባ ምን አነሳት?

የሐዋሳው አትክልተኛ፦ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ዘርም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህኛው ግን ዘሩ የሚበርበት ጸጉር የለውም፣ ከእናቱ ሥር ነው የሚወድቀው። የደረቀውን አበባ ፍሬው ሳይረግፍ ቁረጪው። አደይንም አጠገቡ ዝሪ፤ ማን ከለከለሽ?

ጠያቂዋ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ጓሮ ወዳድ፦ በሩን ካልከፈታችሁት ለጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ከቅቤው ጎን አስቀመጥሁት። እናቴ የተበላሸ ምግብ መስሏት ልትጥለው ስትል ደርሼ አስጣልኋት፤ አሁን «ዘር ነው፣ አይጣል» ብዬ ጽፌበታለሁ።