የዴስክቶፕ ፓወር በተን ሲበላሽ ኬዝ ሳይቀየር መፍትሔ አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዴስክቶፑ ፓወር በተን አንዳንዴ ደጋግሜ ካልተጫንኩት አይሰራም፤ አንዳንዴ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይነሳና ወዲያው ድርግም ይላል። ችግሩ ፓወር ሰፕላዩ ነው ወይስ ቁልፉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለይተህ እወቀው። ከሶኬት ንቀል፣ ኬዙን ክፈትና ከፊት ለፊት የሚመጣውን የፓወር ስዊች ሽቦ (ሁለት ገመድ ብቻ ያለው) ከማዘርቦርዱ አውጣ። መልሰህ ሶኬት ላይ ሰክተህ ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አነካካቸውና ልቀቅ። ባለ 9 ፒኑ መደዳ ላይ ብዙውን ጊዜ 6ኛውና 8ኛው ናቸው፣ ግን ቦርዱ ላይ የታተመውን ሳታነብ እንዳትነካ፤ በስህተት የዩኤስቢውን ፒኖች ካገናኘህ 5 ቮልት ሾርት ታደርጋለህ። እንዲህ ተነስቶ ካልጠፋ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። ተጭኖ የቀረ ቁልፍ ከ4 ሰከንድ ገደማ በኋላ ማሽኑን በግድ ያጠፋዋል፣ ያንተም ምልክት ይሄ ይመስላል። ሽቦው ተነቅሎም ከጠፋ ወደ ፓወር ሰፕላይና ራም ሂድ።

መልስ፦ ቁልፉ ከሆነ ቀላል ነው፤ የሪሴቱን ሽቦ ነቅለህ ፓወር ፒኖቹ ላይ ሰካው። ሪሴት በተን ማን ይጠቀምበታል? ስዊች ስለሆነ ቢገለበጥም ግድ የለም፣ የሚገለበጠው የመብራቱ ሽቦ ከሆነ ግን አይበራም። ሪሴት ከሌለው እንደ በር ደወል ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ ቁልፍ በሁለት ገመድ አውጣለት። ተጭኖ የሚቀረውን ዓይነት እንዳትገዛ። ዴልና ኤችፒ ብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ የፊት ሽቦውን በአንድ መሰኪያ ስለሚጠቀልሉት መቀያየሩ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ትንሿን ቁልፍ አንስቶ ሌላ መበየድ ነው።

መልስ፦ ኬዝ መክፈት ካልፈለግክ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን ይሁን የሚለውን «ፓወር ኦን» አድርገው። ከዚያ የሶኬቱን ማብሪያ አጥፍተህ ትንሽ ቆይተህ ስታበራ ይነሳል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ ግን አልመክርም፤ መብራቱ በተመላለሰ ቁጥር ማሽኑም አብሮ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩ ነው የሚጎዳው። በኪቦርድ ማስነሳት የሚለው ምርጫ ካለ እሱ ይሻላል፣ ኢአርፒ የሚለውን (ማሽኑ ሲጠፋ ኃይል የሚቆጥበውን ምርጫ) ዲሴብል ካደረግክ። አለዚያ ሲጠፋ ለኪቦርዱ ኃይል አይደርሰውም።

ጠያቂው፦ እስከዚያው እየሰራሁ እያለ እንዳያጠፋብኝስ?

መልስ፦ ከተነሳ በኋላ የቁልፉን ሽቦ ነቅለህ ተወው። ማጥፋቱን ከዊንዶውስ ታደርገዋለህ።