ሳይበር ቡሊንግ (በስልክና በኢንተርኔት የሚፈጸም ስድብና ማሸማቀቅ)፦ ይበልጥ የሚጋለጡት የትኞቹ ተማሪዎች ናቸው?

ጥያቄ (የ9ኛ ክፍል ሆምሩም)
ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪዎቻችን ራሳቸው የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። የልጆች ፎቶ በስቲከር እየተሠራ መሳለቂያ ሆኗል። «ስልክ የሚያበዙትን ለይታችሁ ምከሩ» ተብለናል። ግን የስልክ ሰዓት መለያ ይሆናል? ምን ልከታተል?

መልስ (የትምህርት ቤት አማካሪ)
መምህር፣ ሰዓቱ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ለአራት ሰዓት ኳስ የሚያይና ለአራት ሰዓት ከማያውቀው ሰው ጋር የሚጻጻፍ ልጅ ተጋላጭነታቸው ለየቅል ነው። መጀመሪያ እረፍት ሰዓት ላይ ግቢውን ይዩ። ቅጽል ስም የወጣለት፣ በአነጋገሩ ወይም በውፍረቱ የሚሳቅበት፣ ለቡድን ሥራ የሚመርጠው ያጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ላይም የሚሰደበው እሱ ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት በዓመቱ መሃል የተዛወሩትንም አይርሱ።

በአጥቂው በኩል በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ ኮዋልስኪና ባልደረቦቿ 131 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ከአጥቂነት ጋር ጎልተው የተያያዙት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ «መሳደብ ያለ ነው» የሚል አመለካከትና ለጥፋት ሰበብ መደርደር። «ቀልድ ነው እኮ»፣ «እሷም ጀምራለች» ሲባል ሰምተው ዝም አይበሉ።

አጥቂና ተጠቂ ብለው ግን ሁለት ዝርዝር አያውጡ። ክፍል ውስጥ ተመትቶ ማታ በሐሰተኛ አካውንት የሚበቀል ልጅ ብዙ ነው፤ ክፉኛ የሚጎዱትም እነዚህ ናቸው።

መልስ (አይቲ)
የይለፍ ቃል ለጓደኛ መስጠት እንደ ፍቅር መግለጫ ይቆጠራል፤ ሲጣሉ መዘዙ ይመጣል። ቴሌግራም ላይ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብተው ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባቸው ኮንታክታቸው ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም እዚያው ነው።

ስቲከሩን በተመለከተ፣ መልእክቱን ማጥፋት ስቲከሮቹ የተሰበሰቡበትን ጥቅል (ፓክ) አያጠፋውም። ስቲከሩን ነክታችሁ የጥቅሉን ስም ያዙና ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጉ። አድሚኑ ደግሞ በግሩፑ ፈቃዶች ውስጥ ስቲከር መላክን መዝጋትና ስሎው ሞድ (አባላት በተከታታይ እንዳይልኩ በመልእክቶች መካከል የሚያስጠብቅ ቅንብር) ማብራት ይችላል።

ከማገድ በፊት ስክሪንሾት ይነሳ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱና ዩዘርኔሙ አብረው ይታዩ። ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል «ነገ አሳያለሁ» አይሠራም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ወላጆች ስልኩን ይቀሙ?

መልስ (የትምህርት ቤት አማካሪ)
የተሰደበውን ልጅ ስልክ መቀማት ትልቁ ስህተት ነው። ልጁ የሚማረው «ከተናገርኩ እቀጣለሁ» የሚለውን ነው፤ ሁለተኛ አይናገርም። ይልቅ ማታ የሁሉም ስልክ፣ የወላጆቹም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። «የማን ስልክ ነው የተነካው?» የሚል ጭቅጭቅም አይኖርም።

መልስ (ጠበቃ)
ማስፈራሪያ ወይም ተደጋጋሚ ትንኮሳ ከሆነ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ይመለከተዋል። ነገር ግን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ አጥፊ በወንጀል ሕጉ የሚያዘው ለወጣት አጥፊዎች በተደነገገው ልዩ ሥርዓት ነው። እርቃን ምስል ካለ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የብልግና ወንጀልን የሚመለከተውን የአዋጁን አንቀጽ 12 ስለሚነካ መምህራን ምስሉን ወደ ራሳቸው ስልክ አይላኩ፣ ለስብሰባም አያሳዩ። በማን ስልክ እንደታየ ጽፋችሁ ለወላጅና ለፖሊስ አሳውቁ።