ኮንራድ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ መሃል ላይ ቆሞብኛል። ልቦለድ የአውሮፓን ቅኝ ግዛት እንዴት እንደሚተች ነው የምጽፈው። የእንግሊዝኛ ደራሲውን የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» የተባለ ልቦለድ ይዤ ጀመርኩ።

ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1890 ራሱ ኮንጎ ሄዷል። ያኔ አገሩ የቤልጂጉ ንጉሥ የዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ንብረት ነበር። መጽሐፉ ላይ አንዲት የፈረንሳይ የጦር መርከብ ማንም ወደማይታይበት ጫካ ትተኩሳለች። ቀጥሎ በሥራና በረሃብ ያለቁ ሰዎች ዛፍ ሥር ተጋድመው እናያለን። አንዱ ወጣት አንገቱ ላይ ነጭ ክር አስሯል። ያ ክር ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከዚህ የባሰ ምን ክስ አለ?

ግን ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 ባደረገው ንግግር ኮንራድን ዘረኛ ብሎታል። ደጋግሜ ሳነበው እውነቱን ነው። አፍሪካውያኑ አፍ አውጥተው የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው፤ ያ ወጣት እንኳ ስም የለውም። በአቼቤ በራሱ ልቦለድ («Things Fall Apart») መጨረሻ ደግሞ እንግሊዛዊው ሹም የዋናውን ገጸ ባሕርይ የኦኮንኮን የሕይወት ታሪክ ሊጽፈው ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ሊጨርሰው ያስባል። እዚያ ጋ አለቀስኩ።

አማካሪዬ «አንዱን አቋም ያዝ» ይሉኛል። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ተራኪው ማርሎው የሚለውን የኮንራድ ሐሳብ አድርጌ ልውሰደው ወይስ ልለየው? ብለየውስ፣ የአቼቤን ወቀሳ እንዳላቃለል ምን ላድርግ? ይህን ያስተማራችሁ ወይም የጻፋችሁበት ካላችሁ፣ በየትኛው ትዕይንት እንደጀመራችሁ ብቻ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።