ለሐዋሳ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባትሪ ይበቃል?

ሰላም ቤቶች፣ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ እመላለሳለሁ፣ በወር አንዴ ደግሞ እናቴን ለመጠየቅ ሐዋሳ እወርዳለሁ። በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ይበቃኛል ወይስ ባለ 600ውን ልግዛ?

መልስ፦ ለከተማው 400 ይተርፍሃል፤ ማታ ቤት ትሰካዋለህ፣ አለቀ። ሐዋሳ ግን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ የቻይናው ፋብሪካ ይሄዳል የሚለው የኪሎ ሜትር ቁጥር ደግሞ በሰዓት በ100 ስትነዳ አይገኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሄጃው ቁልቁለት ስለሚበዛው እንዳያታልልህ። የኔ ባለ 500 ነው። ስመለስ ከሞጆ በኋላ ዳገቱ ላይ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ፣ ኤሲ አጥፍቼ ደብረ ዘይት ዘመድ ቤት ሰክቼ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። 600ውን ግዛ።

መልስ፦ እናትህ ቤት ቻርጅ ልታደርግ ከሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩን አስፈትሽ። ተራ ሶኬት በአንድ ሌሊት ትልቅ ባትሪ አይሞላም።