ሰማያዊ መለዮ ለብሶ ድሃ ሰፈር ውስጥ መተኮስ ይደገፋል ወይ?

የፒያሳው፦ ጥያቄዋ አጭር ናት። ሰላም አስከባሪ ሰፈር ገብቶ ከታጠቀ ወሮበላ ጋር መታኮስ አለበት ወይስ የለበትም? ምሳሌዬ የሄይቲዋ ሲቴ ሶሌይ ናት። ከዋና ከተማዋ ዳር፣ ባሕሩ ጥግ ያለች የቆርቆሮ ሰፈር። ስሟ የፀሐይ ከተማ ማለት ነው (ስም ብቻ!)። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2005 በብራዚል ጄኔራል የሚመራው የተመድ ጦር ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ድሬድ ዊልሜ የሚባለውን የጋንግ አለቃ ገደለ። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ሰው እያገተ ገንዘብ የሚጠይቅ በምክር አይመለስም።

እናት ሆድ፦ ደግ አደረጉ? የቆርቆሮ ግድግዳ ጥይት ያቆማል እንዴ? በዚያ ዘመቻ 22,000 ያህል ጥይት እንደተተኮሰ የአሜሪካ ኤምባሲ ራሱ ወደ ዋሽንግተን ጽፏል። አንድ ሰው ለመያዝ! የዚያን ቀን ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከተቀበላቸው በጥይት የቆሰሉ ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ደግሞ ዊልሜ ለከፊሉ ነዋሪ ወሮበላ ሳይሆን ከሥልጣን የተነሳው የፕሬዚዳንት አሪስቲድ ታጋይ ነበር።

የፒያሳው፦ ታጋይም ቢሆን መሣሪያ ይዞ ሰፈር ሙሉ ሰው ጀርባ መደበቅ ምን ይባላል?

ጋሼ ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ እኔ ላይቤሪያ ያንን መለዮ አድርጌያለሁ። እጅህን አጣጥፈህ ቁም ከተባልክ ሕዝቡ ይንቅሃል፣ ያለ መረጃ ተኩስ ከተባልክ ደግሞ ይጠላሃል። ሲቴ ሶሌይ ላይ ያልተነሳ ነገር አለ። በ2005 ገብተው፣ ተኩሰው ወጡ። ክፍተቱን ሌላ አለቃ ሞላው። በ2007 መጀመሪያ ግን የያዙትን ቦታ ሳይለቁ ለሳምንታት ገፉበት፣ አለቆቹ አንድ በአንድ ተያዙ፣ እገታውም ቀነሰ። ልዩነቱ የጥይቱ ብዛት አይደለም፣ መቆየቱ ነው።

ዲሲ ታክሲ፦ ጋሼ አክባሪዎ ነኝ፣ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አያቁሙት። በጃንዋሪ 2010 የመሬት መንቀጥቀጡ የዋና ከተማዋን እስር ቤት ባዶ አስቀረው፣ እነዚያው አለቆች ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከሰላም አስከባሪዎቹ ካምፕ የወጣው ኮሌራ ወደ 10,000 ሰው ፈጀ። ተመድ ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ!

የፒያሳው፦ ኮሌራው ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታደባልቀው።

እናት ሆድ፦ ለሞተው ሌላ አይደለም። መክሰስ እንኳ አልቻሉም፣ ድርጅቱ ያለመከሰስ መብት አለው ተባሉ።

ዲሲ ታክሲ፦ የኬንያ ፖሊሶች በ2024 ጋንጎቹን ሊዋጉ ሄይቲ ገቡ፣ ቁጥራቸው ግን አነሰ። በ2025 ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ጋንግ የሚደመስስ እስከ 5,500 የሚደርስ ኃይል ፈቀደ። ያው ሰፈር፣ ያው ቆርቆሮ።

ጋሼ ጡረተኛ፦ እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ሲመሽ ሰፈሩን የሚረከበኝ ፖሊስ ማን ነው? የተሳሳተ ጥይት ልጇን የገደለባት እናት አቤቱታዋን የምታስገባው የት ነው? መልስ ካላገኘሁ መኪናው ላይ አልወጣም።

የፒያሳው፦ ጋሼ፣ እርስዎ መልስ እስኪያገኙ የታገተውስ?