ፓኬጄ እኔ ጋ ይሰራል ሌላ ሰው ጋ ክላሱ የለም ይላል፣ ድረሱልኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች ከጎንደር ነኝ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ትንሽ የዳርት (የፕሮግራም ቋንቋው) ፓኬጅ ሰርቼ አዲስ አበባ ያለ ልጅ በዳርት በሚጻፈው ፍላተር የሰራው አፕ ውስጥ አስገባው፣ ፈንክሽኑን ይጠራዋል ውጤቱም ይመጣለታል ግን የሚመልሰውን ክላስ በስሙ ሲጽፈው ቀይ ይሰመርበታል። እኔ ጋ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ነገ ጠዋት ዴሞ አለው መብራት ሳይሄድብኝ ቶሎ በሉ

የአዘዞው፦ ፍላተር ክሊን አርግና ፐብ ጌት በል፣ የድሮውን አጥፍቶ ፓኬጆቹን እንደ አዲስ ያመጣልሃል

ጋሽ ተርሚናል፦ ሁሉን በክሊን ልትፈቱት ነው እንዴ። ስማ ልጄ፣ ዳርት ላይ ፕራይቬት የሚባለው በአንደርስኮር የሚጀምር ስም ነው፣ ከዛ በላይ ግን ሊብ ውስጥ ያለው ኤስአርሲ ፎልደር (lib/src) የፓኬጁ የግል ጓዳ ነው፣ ዋናው ፋይል ኤክስፖርት ካላደረገው፣ ማለትም ለውጪ ካላወጣው...

ጠያቂ፦ አንደርስኮር የለውም እኮ ጋሼ! ፐብሊክ ነው

የአዘዞው፦ ክሊን አረግክ?

ሚሚ ዴቭ፦ ፓኬጁ ፎልደር ውስጥ ሆነህ ዳርት ዶክ (dart doc) በል፣ የፓኬጁን ማብራሪያ ገጽ ይሰራልሃል፣ ያወጣልህን ኢንዴክስ በብራውዘር ክፈተው። የሚያሳይህ ከውጪ ኢምፖርት የሚደረገውን ብቻ ነው። ፈንክሽኑ ጋ ሂድና የሚመልሰውን ታይፕ እየው፣ ሊንክ ከሌለው ኤክስፖርት ረስተሃል። ቴስትህ ያልያዘው በቀጥታ ከኤስአርሲ ኢምፖርት ስለሚያደርግ ይሆናል

ቀበሮ፦ ለዚህ ዶክ ማመንጨት ምን አመጣው፣ ኮዱን እያየ ስህተት የሚጠቁመው ሊንተር አለ አይደል

ሚሚ ዴቭ፦ ለዚህ የሚቀርበው የሊንተር ሕግ የሚይዘው አንደርስኮር ያለው ታይፕ ፐብሊክ ፈንክሽን ላይ ሲወጣ ነው፣ የሱ ክላስ ደግሞ የለውም

የአዘዞው፦ ልጁ ራሱ ኤስአርሲውን ኢምፖርት ያርግ አለቀ

ጋሽ ተርሚናል፦ አላለቀም! ፋይሉን ያዛወርክ ቀን የልጁ አፕ ይሰበራል

የፒያሳው፦ ፋሲል ግቢ እንኳ 12 በር አለው፣ አንተ አንዱንም ሳትከፍት ነው እንግዳ የጠራኸው 😂

ጠያቂ፦ እውነትም ሊንክ የለውም!! የኤስአርሲውን ፋይል ኤክስፖርት አደረግኩት ታየ። ግን አሁን ለራሴ የጻፍኳት የመጥቅዕ (ከባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች አንዱ) ማስያ ክላስም ዶኩ ላይ ብቅ አለች፣ ይቺን ማን ጠራት

ሚሚ ዴቭ፦ አንድ ፋይል ውስጥ ስላሉ ነዋ። ኤክስፖርቱ ላይ ሾው (show) ብለህ የምትፈልገውን ስም ብቻ ጻፍ፣ ዶኩን ድጋሚ አውጣና ዝርዝሩን እየው። ሰው አንዴ ከተጠቀመባት በኋላ መደበቅ ሌላ ጣጣ ነው

ኮትሊን ልጅ፦ ወንድም ዴሞው እንዴት ሆነ? እኔ ደግሞ ኮትሊን በሚባለው ሌላ ቋንቋ ላይ ሁሉም ነገር ፐብሊክ እየሆነ ተቸግሬአለሁ

ጋሽ ተርሚናል፦ ዲፎልቱ ፐብሊክ ስለሆነ ነው። ከኮትሊን 1.4 ጀምሮ ኤክስፕሊሲት ኤፒአይ ሞድ አለልህ፣ ላይብረሪህ ላይ አብራው፣ ፐብሊክ ብለህ ሳትጽፍ የሚወጣውን ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮህበታል